ሥዕሉና ፊርማው፤ ከያንያንን ስለ መሣልና በሥዕሉ ላይ ስለ ማስፈረም

ስሙ የገነነ ዘፋኝ ወይም የቴአትር ተጫዋች ወደ አንድ ከተማ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ይወጣል። ከሚወጣው ሕዝብ የሚበዛው የሚፈልገው ማየትና መስማት ነው፤ ሌላው ከከያኒው ጎን ቆሞ ፎቶግራፍ መነሣት ይሻል። ከእነዚህ ሁሉ ተለይተው ግን ጥቂቶች ከወንበራቸው ሳይነሡ ከኪሳቸው ትንሽ ደብተርና እርሳስ ያወጣሉ። ከያኒው በመድረክ ላይ ሲጫወት መልኩንና አኳኋኑን በመስመር ይይዛሉ፤ ጨዋታው ሲያበቃም ሥዕሉን ይዘው ቀርበው፥ «እባክዎ ይፈርሙልን» ይላሉ። በዚህ ጽሑፍ ልንናገር ያሰብነው ስለ እነዚህ ጥቂቶች ሥራ ነው።

ነገሩ ላይ ላዩን ለሚያየው ሰው የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስለዋል። ጠጋ ብሎ ለመረመረው ግን ከባድ ጥያቄ አለበት። ሠዓሊው ያየውን ይሣል ወይስ የሚሣለውን ሰው ደስ የሚያሰኘውን? የሚሣለውስ ሰው በመልኩ ላይ ምን ያህል ሥልጣን አለው? ፊርማውስ ለሥዕሉ ምን ይጨምርለታል? በየትምህርት ቤቱ እርሳስ ይዘው የሚወዱትን ዘፋኝ መልክ ለማውጣት የሚደክሙ ልጆች ስላሉን፥ እነዚህን ጥያቄዎች አንሥቶ መመርመር ለመምህራንም ለተማሪዎችም ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ከቃሉ እንጀምር። «ፊርማ» የሚለው ቃል ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው። ነገሥታቶቻችን ደብዳቤአቸውን የሚያጸኑት በማኅተም ነበር፤ መጻፍ የማይችል ሰውም እስከ ዛሬ በአውራ ጣቱ ያትማል። ማኅተሙም፥ የጣት አሻራውም፥ ፊርማውም የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ «ይህን አይቻለሁ፥ ተቀብዬዋለሁ፥ ብጠየቅም አልክድም» ማለት ነው። በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች ይህን በደንብ እናውቀዋለን። ሰው ያልተረከበውን ንብረት «ተረክቤአለሁ» ብሎ ቢፈርም ዕዳ ይሆንበታል፤ ያላየውንም ነገር በምስክርነት ቢፈርም ያስጠይቀዋል።

እንግዲህ አንድ ከያኒ ከራሱ ሥዕል በታች ስሙን ሲጽፍ የሚመሰክረው ምኑን ነው? ስለ ሥዕሉ ውበት ነው እንዳንል፥ ብዙ ጊዜ ከያኒው በሥዕል ላይ የመፍረድ ዕውቀት የለውም። ስለ ዝናው ነው እንዳንል፥ ዝናውን ሕዝቡ አስቀድሞ ያውቀዋል። የእኛ አሳብ ይህ ነው፤ ከያኒው የሚመሰክረው፥ «ይህ ሰው በፊቴ ተቀምጦ አይቶኛል፤ ያየውም ይህን ነው» ብሎ ነው። ስለዚህ የፊርማው ዋጋ የሚለካው ከፊርማው በፊት በተደረገው ማየት ነው። ማየቱ ከሌለ ፊርማው እንደ አደን ግዳይ የሚቈጠር ነገር ከመሆን አያልፍም።

ይህን አሳብ ለመፈተን አስቀድመን የአገራችንን የቆየ ሥዕል እንመልከት። በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳና በብራና መጻሕፍት ላይ ሥዕልና ጽሕፈት አይለያዩም። አብዛኛውን ጊዜ ከተሣለው ሰው ራስጌ ወይም ከጎኑ ማን እንደ ሆነ ተጽፎ ይገኛል። ሥዕሉን ያሠራውም ሰው ከቅዱሳኑ እግር በታች ወድቆ ሲለምን ይሣልና ስሙ ይጻፍለታል። ሠዓሊው ግን ብዙውን ጊዜ ስሙን ሳያኖር ያልፋል፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደ ነበረው እንደ ፍሬ ጽዮን ስማቸው የቀረልን የጥንት ሠዓልያን ጥቂቶች ናቸው። ይህ ሥዕል ሌላም ሕግ አለው። ደጋጎቹ ሰዎች ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ መልሰው በሁለት ዓይናቸው ያያሉ፤ ክፉዎቹ በጎን ይሣላሉ፥ የሚታየውም አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ አገር ያደገ ተመልካች የሰውን ፊት በወረቀት ላይ ሲያይ፥ ሳይታወቀው ፍርድ ያነባል። አንድ ወጣት ሠዓሊ ዘፋኙን ከጎን ቢሥለው አያቱ «ምን አድርጎህ ነው እንዲህ ያደረግኸው?» ቢሉት ሊደነቅ አይገባውም።

ከዚሁ ከቆየው ሥዕላችን ውስጥ ከያንያን በሥራቸው ላይ ሳሉ የተሣሉባቸው ሁለት ሥዕሎች እጅግ የታወቁ ናቸው። አንደኛው በመዝሙረ ዳዊት መጻሕፍት መጀመሪያ ላይ የሚሣለው ንጉሥ ዳዊት በገና ሲደረድር ነው። ሁለተኛው ቅዱስ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የሚያሳየው ነው። ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የተመረኮዘው ጦር በያሬድ እግር ላይ እንደ ተተከለ፥ ያሬድም ሳይሰማው ዜማውን እንደ ቀጠለ ይተረካል። ሠዓሊዎቻችን ይህን ታሪክ ሲሥሉት የዘማሪውን ፊት በማሳመር ብቻ አልተወሰኑም። ጦሩን አሳዩ፤ የተወጋውን እግር አሳዩ። ድምፅ በቀለም አይሣልምና፥ ድምፁ በሚሰማውም በሚዘምረውም ሰው ላይ ያደረገውን ነገር ሣሉልን። አንድ ሰው ስለ ያሬድ አንዳች ሳያውቅ ይህን ሥዕል ቢያይ፥ ሁለት ሰዎች ሕመምንና ሥልጣንን ረስተው የቆሙበት ሰዓት እንደ ሆነ ይገባዋል። ከያኒን ለመሣል የሚነሣ ሁሉ ሊያየው የሚገባው ምሳሌ ይህ ይመስለናል፤ የሚፈለገው ዝነኛውን ሰው ከሥራው ጋር አንድ በሆነበት ጊዜ መያዝ ነውና።

ቅዱስ ያሬድ ግን በሥዕሉ ላይ አልፈረመም፤ ሠዓሊዎቹ ከዘመኑ ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የመጡ ናቸው። የሚሣለውና የሚሥለው በአንድ ዘመን ኖረው ሲገናኙ፥ ሥዕሉም ለሚሣለው ሰው ሲቀርብለት የሚሆነውን ለማየት ወደ ውጭ አገር መሻገር አለብን።

በፈረንሳይ አገር በ1864 እ.ኤ.አ. የተወለደው ሠዓሊ ቱሉዝ ሎትሬክ፥ የፓሪስ የሌሊት መዝናኛ ቤቶችን ዘፋኞችና ጨፋሪዎች በመሣል የታወቀ ነው። ከሣላቸውም አንዷ ኢቬት ጊልቤር የምትባል ዝነኛ ዘፋኝ ነበረች። ይህች ሴት ቀጭንና ረዥም ስትሆን በመድረክ ላይ እስከ ክንዷ የሚደርስ ጥቁር የእጅ ሹራብ ታደርግ ነበር። ሎትሬክ በ1894 እ.ኤ.አ. 16 ሥዕሎች ያሉበት አንድ አልበም ስለ እርሷ አሳተመ፤ የታተመውም 100 ቅጂ ነው። በአልበሙ ልባስ ላይ የሣለው ጥቁሮቹን የእጅ ሹራቦች ነበር እንጂ ፊቷን አልነበረም። በውስጥ ባሉት ሥዕሎች ደግሞ አፍንጫዋ ሹል፥ አገጯ የወጣ፥ ከንፈሯ በፈገግታና በምሬት መካከል የተጠመዘዘ ሆኖ ይታያል። እርሷም በዚያው ዘመን እንዲህ አስቀያሚ አድርጎ እንዳይሥላት፥ ጥቂት እንዲቀንስላት በደብዳቤ ለምናው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በሸክላ ላይ የተሣለው መልኳ በቀረበላት ጊዜ፥ ሠዓሊውን «ትንሽ ጭራቅ» ብላ ሰድባ፥ አስቀያሚ ነገር ሠራህ የሚል ቃል ጽፋ ከበታቹ ስሟን ፈረመች።

በእኛ አስተያየት በሥዕል ላይ ከተፈረሙት የከያንያን ፊርማዎች ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ምክንያቱን እንናገር። ጊልቤር ስድቧን ጽፋ ሥዕሉን መመለስ ትችል ነበር፤ ዝም ብላም መተው ትችል ነበር። እርሷ ግን ተቃውሞዋንም ስሟንም በአንድ ሥዕል ላይ አኖረች። ቃሏ «አልወደድሁትም» ይላል፤ ፊርማዋ ደግሞ «እኔ ነኝ» ይላል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሠዓሊው ከፎቶግራፍ ገልብጦ ቢሆን ኖሮ ወይም ሊያስደስታት ብሎ አሳምሮ ቢሆን ኖሮ፥ የምትጽፈው «አመሰግናለሁ» የሚል ቃል ብቻ በሆነ ነበር፤ ያን ቃል ደግሞ ዛሬ ማንም ባላስታወሰው ነበር። ሎትሬክ የሠራው ሥዕል በጭካኔ የተሠራ ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፤ የሚጠላ ሰው ለአንዲት ዘፋኝ የእጅ ሹራብ ይህን ያህል አይጨነቅም። ብዙ ሌሊት ተቀምጦ ያየ ሰው ብቻ ነው፥ ፊትን ትቶ በእጅ ሹራብ ብቻ ባለቤቱን የሚያሳውቅ።

አንባቢ ምናልባት፥ «ይህ የፈረንጅ ጠባይ ነው፤ በእኛ አገር ታላቅ ሰውን አስቀያሚ አድርጎ መሣል ነውር ነው፥ ስድብም ነው» ይለን ይሆናል። አሳቡ ሊናቅ አይገባም። በእኛ ዘንድ ሽማግሌን «አንቱ» ብለን፥ ታላቅን ከመቀመጫችን ተነሥተን ነው የምናከብረው፤ እርሳስም ይህን አክብሮት እንዲያጎድል አንፈልግም። ነገር ግን የራሳችንን የአዝማሪ ሥርዓት እንመልከት። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ በተሰበሰበው ሰው መካከል ሲዞር የሚያደርገው ምንድን ነው? እንግዳውን ያያል፤ ራሰ በራ ከሆነ ራሱን፥ ወፍራም ከሆነ ሆዱን፥ አዲስ ኮት ለብሶ ከሆነ ኮቱን አንሥቶ በግጥም ይነካዋል። ሲያመሰግን ይወጋል፤ ሲወጋም ያመሰግናል። የተነካውም ሰው የሚቈጣ ከሆነ በሁሉ ዘንድ ይሣቅበታል፤ ጨዋ ከሆነ ግን ስቆ ገንዘብ ይሸልማል። ይህ ሥርዓት በቅኔውና በሰምና ወርቁ የኖረ ነው። እንግዲህ ሌላውን በቃል ሲሥል የኖረ ከያኒ፥ በተራው በእርሳስ ሲሣል ሊቀየም ይገባዋልን? አዝማሪው ያየውን ሰው አክብሮ እንደሚነካ ሁሉ፥ ሠዓሊውም አክብሮ ሊነካ ይችላል። ነውር የሚሆነው ሳያዩ መንካት ነው፤ የሰውን አካል ጉድለት ለመሣቂያ ብቻ ማንሣት ነው። ሥዕሉ መልኩን ከሥራው ጋር ካገናኘው ግን ስድብነት የለበትም።

ይህ ልማድ ወደ ሥርዓትነት የተለወጠበት ቦታ በአሜሪካ በኒው ዮርክ ከተማ በቴአትር ቤቶች ሰፈር የሚገኘው ሳርዲስ የተባለው ምግብ ቤት ነው። ምግብ ቤቱ ዛሬ ባለበት ቦታ የተከፈተው በ1927 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ ባለቤቱ ቪንሰንት ሳርዲ የሚባል ከኢጣልያ የመጣ ሰው ነበረ። አሌክስ ጋርድ የሚባል ከሩሲያ የተሰደደ ሠዓሊ ከባለቤቱ ጋር ተዋዋለ፤ እርሱ የቴአትር ተጫዋቾችን መልክ እያጋነነ ይሥላል፥ ምግብ ቤቱም በዋጋው ፈንታ ያበላዋል። በውሉ ውስጥ አንድ የሚያስቅ ቃል ነበረበት። ሳርዲ የጋርድን ሥዕል እንዳይነቅፍ፥ ጋርድም የሳርዲን ምግብ እንዳይነቅፍ ተስማሙ። ጋርድ በ1948 እ.ኤ.አ. እስኪሞት ድረስ ከ700 የሚበልጡ ሥዕሎች ሠራ፤ ከእርሱም በኋላ ሌሎች ሠዓልያን ሥራውን ቀጠሉ። የተሣሉትም ተጫዋቾች በየሥዕላቸው ላይ ይፈርማሉ፤ ሥዕሉም በግድግዳው ላይ ይሰቀላል።

ስለዚህ ግድግዳ ሁለት ነገር መናገር ይገባል። በጎው ነገር፥ ጋርድ አልሸነገለም። አፍንጫውን አስረዝሞ፥ ዓይኑን አጉልቶ የሣለው ብዙ ነው፤ ተጫዋቾቹም እየሣቁ ፈርመዋል። ነቀፋ እንዳይኖር የተደረገው ውል ሠዓሊውን ከባለቤቱ ፍርሃት ነጻ አወጣው። መጥፎው ነገር ደግሞ፥ ሥዕሎቹ እየበዙ በሄዱ ቁጥር ግድግዳው የማዕረግ መዝገብ ሆነ። ተመልካቹ ገብቶ የሚፈልገው፥ «የማን ፊርማ ነው? ማን ተሰቅሏል? ማንስ ቀርቷል?» የሚለውን ነው፤ መስመሩን የሚያየው ጥቂት ነው። ፊርማው ሥዕሉን ሲውጠው ማለት ይህ ነው። የታላላቅ ሰዎች ፊርማ የሚሰበስብ ሁሉ ይህ አደጋ አለበት፤ ስሞቹ ሲበዙ ማየቱ ይቀንሳል።

ስለ መስመር ከተናገርን ዘንድ አል ሂርሽፌልድን ሳናነሣ ማለፍ አይቻልም። ይህ ሠዓሊ በ1903 ተወልዶ በ2003 እ.ኤ.አ. የሞተ ሲሆን፥ ዕድሜውን ሙሉ የኒው ዮርክን የቴአትር ተጫዋቾች በጥቁር ቀለም መስመር ሣለ። በጨለማ ቴአትር ቤት ውስጥ ተቀምጦ፥ ወረቀቱን ሳያይ፥ አንዳንድ ጊዜም እጁን በኪሱ ውስጥ እንዳደረገ ማስታወሻ መያዝን ተለማምዶ ነበር። በ1945 እ.ኤ.አ. ልጁ ኒና ከተወለደች ጀምሮ በሥዕሎቹ ውስጥ፥ በልብስ እጥፋትና በጠጕር ዘለላ መካከል ስሟን ይሸሽግ ነበር፤ በኋላም ስሟ ስንት ጊዜ እንደ ተሸሸገ በራሱ ፊርማ አጠገብ በቁጥር ያመለክት ጀመር። ልማዱን ለመተው ቢሞክርም ተመልካቹ አልፈቀደለትም። እነሆ እዚህም ያው አደጋ አለ፤ ብዙ ሰው ተጫዋቹን ትቶ ስሙን ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ሥዕሉ ከጨዋታው በርትቶ ተገኘ፤ ስሙን ለማግኘት መስመሩን አንድ በአንድ መከተል ግድ ስለ ሆነ፥ ጨዋታው ራሱ ተመልካቹን ማየት አስተማረው። ፊርማም ሆነ ስም ዓይንን ወደ መስመሩ የሚመልስ ሲሆን ይጠቅማል፤ ከመስመሩ የሚያርቅ ሲሆን ግን ይጎዳል።

የሚሣለው ሰው ራሱ እርሳስ የያዘበትም ጊዜ አለ። የኢጣልያው ታላቅ ዘፋኝ ኤንሪኮ ካሩሶ፥ በ1921 እ.ኤ.አ. እስኪሞት ድረስ የጓደኞቹንና የራሱን መልክ እያጋነነ ይሥል ነበር፤ ሥዕሎቹም በኒው ዮርክ በሚታተም በአንድ የኢጣልያንኛ ጋዜጣ ይወጡ ነበር። ፊርማ ለሚጠይቀውም ሰው ብዙ ጊዜ የራሱን መልክ በጥቂት መስመር ሥሎ ይሰጥ ነበር። ራሱን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሾፍበት ሰው በሌላው እርሳስ አይቀየምም። ከያንያኖቻችን ይህን ምሳሌ ቢያስቡት መልካም ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የአገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። ከእነዚህ መድረኮችና ከክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል የወጡ ድምፆች በራዲዮ እስከ ገጠር ድረስ ገቡ። ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት አረፈ፤ ክራር ደርዳሪዋ፥ ዘፋኟና ተዋናይቱ አስናቀች ወርቁ በመስከረም 2004 ዓ.ም. አረፈች። ድምፃቸው በሸክላና በካሴት ቀርቶልናል፤ ፎቶግራፋቸውም አለን። «እንግዲህ ሥዕል ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። መልሳችን ይህ ነው፤ ፎቶግራፍ አንሺው መሣሪያውን የሚጫነው ለአንድ ቅጽበት ነው፤ ሠዓሊው ግን ሙሉ ዘፈን ሲዘፈን ያያል። ዘፋኙ ትንፋሹን ሲስብ ትከሻው የሚነሣውን፥ ክራር ደርዳሪዋ አንገቷን ወደ አውታሩ የምትጥልበትን፥ ተዋናዩ ዝም ሲል እጁ የሚያርፍበትን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ወረቀት ላይ ያስቀምጣል። ይህ የሚሆነው ግን ሰውየው በሕይወት ሳለ፥ ሠዓሊውም ከፊቱ ተቀምጦ ሳለ ብቻ ነው። ከሞተ በኋላ የሚሣለው የመታሰቢያ ሥዕል ነው፤ መታሰቢያ መልካም ነገር ነው፥ ምስክርነት ግን አይሆንም።

እኛ ይህን የምንጽፈው ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በወናጎ ሆነን ነው። በቡናና በእንሰት ጥላ ሥር ያለች ከተማ ናት፤ ስመ ጥር ዘፋኞች የሚመጡባት አይደለችም፤ ቢመጡም የሚያርፉት ዲላ ነው። ስለዚህ ልጆቻችን ዘፋኞቹን የሚያውቋቸው በስልክ መስተዋት ላይ ነው፤ የሚሥሉትም ከዚያው እየገለበጡ ነው። ወረቀቱን በትንንሽ አራት ማዕዘን ከፍለው፥ ሽፋሽፍቱን አንድ በአንድ ቈጥረው፥ ጥላውን በጣታቸው አሽተው ፎቶግራፉን የሚመስል ሥዕል ያወጣሉ። ትዕግሥታቸው ያስደንቃል፤ እጃቸውም ይሠለጥናል። እንደ ትምህርት ከሆነ ማንም ሊነቅፈው አይገባም፤ አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማሩትም ቢሆኑ እጃቸውን በመገልበጥ ሳያሠለጥኑ አልቀሩም።

ነቀፋችን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ወጣቱ ከፎቶግራፍ የገለበጠውን ሥዕል ይዞ ዘፋኙ ዲላ በመጣ ጊዜ ሊያስፈርመው ይሮጣል። ዘፋኙም በጥድፊያ ይፈርምለታል። ነገር ግን ፈራሚው የፈረመው በምን ላይ ነው? ሠዓሊው እርሱን አላየውም፤ ያየው ሌላ ሰው ያነሣውን ፎቶግራፍ ነው። ከላይ እንዳልነው ሰው ያላየውን አይመሰክርም፤ ያልታየም ሰው «ታይቻለሁ» ብሎ ቢፈርም ቃሉ ባዶ ነው። ከዚህ ይልቅ ያ ወጣት በዚያው ምሽት፥ በሕዝቡ መካከል ተገፍቶ ቆሞ፥ በተጨማደደ ወረቀት ላይ ዐሥር የተንጋደደ መስመር ቢያወጣና ዘፋኙ ቢፈርምበት፥ በእኛ ሚዛን የሚበልጠው ይህ ነው።

ለዚህ የሚሆን ጥቂት ምክር እናቅርብ። ወረቀቱ በመዳፍ የሚያዝ፥ እርሳሱም ለስላሳ ይሁን። በመጀመሪያ ፊቱን አትሣሉ፤ የቆመበትን ሁኔታ፥ የሰውነቱ ክብደት በየትኛው እግሩ ላይ እንዳረፈ በአንድ መስመር ያዙ። ቀጥሎ እጆቹንና መሣሪያውን ሣሉ፤ የከያኒ ማንነት ከፊቱ ይልቅ በእጁ ይታወቃል። ፊቱ መጨረሻ ይምጣ፤ ጨለማ ከሆነ ጨርሶ ባይመጣም ግድ የለም። አታጥፉ፤ የተሳሳተው መስመር ከያኒው እንደ ተንቀሳቀሰ ይመሰክራል። ዘፈኑ ሲያልቅ ቀኑንና ቦታውን በጥግ ጻፉ። ከዚያ በኋላ በትሕትና ቀርባችሁ፥ ታላቅ ከሆነ «ጋሼ» ወይም «እትዬ» ብላችሁ፥ ሥዕሉን አሳዩና ለምኑ። ፊርማው በኅዳግ ላይ ይሁን እንጂ በፊቱ ላይ አይሁን። ከተፈረመም በኋላ ወደ ቤት ወስዳችሁ አታሳምሩት፤ በተፈረመ ሰነድ ላይ መስመር እንደማይጨመር በመሥሪያ ቤት የታወቀ ነው። ከያኒው «እኔን አይመስልም» ብሎ እንቢ ቢል አትቀየሙ፤ ፊርማ የሚሰጥ ነገር ነው እንጂ የሚወሰድ አይደለም። ነቅፎ የሚፈርም ከያኒ ከተገኘ ግን ዕድለኞች ናችሁ፤ ያን ወረቀት በደንብ አስቀምጡት።

ደግሞም ልናልፈው የማንችለው ሌላ ነገር አለ። በጌዴኦ ምድር ባለው በቱቶ ፈላ የሰው ፊትና አካል የተቀረጸባቸው የመቃብር ድንጋዮች ቆመዋል። እነዚህን ድንጋዮች ጨምሮ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ከድንጋዮቹ ፊት ቆሞ ያየ ሰው፥ ፊት እንዳላቸው ስም ግን እንደሌላቸው ያስተውላል። የቀረጸው እጅ በእርግጥ ሰውን ያየ እጅ ነው፤ የታየው ሰው ግን ማን እንደ ነበረ፥ ተዋጊ ይሁን ወይም ዘማሪ፥ የሚነግረን ጽሕፈት የለም። መልክ ያለ ስም ሲቀር ምን እንደሚመስል ከዚህ ይበልጥ የሚያስተምር ቦታ በአጠገባችን የለም።

ስለዚህ ለወጣቶቻችን የምንለው፥ ዝነኛው እስኪመጣ ብቻ አትጠብቁ ነው። በደራሮ በዓል ዘፈን የሚያወጣው ሽማግሌ፥ በልቅሶ ቤት ሙሾ የምታወርደው እናት፥ በሠርግ ክራር የሚደረድረው ሰው በሰፈራቸው ዝነኞች ናቸው። ከፊታቸው መቀመጥ የሚከለክለን ሰልፍም ትኬትም የለም። ብዙዎቹ ስማቸውን መጻፍ አይችሉ ይሆናል፤ ፈቅደው በአውራ ጣታቸው ቢያትሙ፥ ያ አሻራ ከማናቸውም ዝነኛ ፊርማ የማያንስ ምስክር ነው። ስማቸውን ሠዓሊው ራሱ በእነርሱ አፍ እንደ ተነገረው ከጎኑ ይጻፍላቸው፤ የጥንት ሠዓልያኖቻችን ለቅዱሳን ያደርጉት እንደ ነበረው ማለት ነው።

መምህራንን የምንለምናቸው፥ የሥዕልን ትምህርት ከፎቶግራፍ መገልበጥ አውጥተው ልጆቹን በሕይወት ወዳለ ሰው ፊት እንዲያቀርቧቸው ነው። በባህል ሥራ ላይ ያላችሁ ባለ ሥልጣኖችም፥ ልጆች የሠሩትን እንዲህ ያለ ሥዕል በባለቤቶቹ ፈቃድ ተቀብላችሁ፥ ቀኑንና ስሙን መዝግባችሁ ብታስቀምጡ ወጪው የአንድ መዝገብና የአንድ ቁም ሣጥን ነው። የሳርዲስ ሥዕሎች እንኳ ከምግብ ቤት ግድግዳ ተነሥተው ከፊላቸው በኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሊቀመጡ በቅተዋል፤ የሚያስቅ ሥዕል ነው ተብለው አልተናቁም።

የምናውቃቸው ሽማግሌዎች በየዓመቱ እያነሱ ነው። የድምፃቸውን ዜማ ልጆቻቸው ሊይዙት ይችሉ ይሆናል፤ ሲዘፍኑ አንገታቸውን እንዴት እንደሚያዘነብሉ፥ እጃቸውን ወዴት እንደሚልኩ ግን ተቀምጦ ያየና የሣለ ሰው ከሌለ አብሮአቸው ይሄዳል። ቀጣዩ ደራሮ ከመድረሱ በፊት ጥቂት እርሳስና ወረቀት በየትምህርት ቤቱ ቢዘጋጅ፥ ሥራውን ለመጀመር የሚያስፈልገው ይኸው ብቻ ነው።